የሩዝ ጭድን በፈንገስ አብላልቶ የኮሌስትሮል መድኃኒት መሥራት ይቻላል?

ጥያቄ፦ «ባሕር ዳር የምንኖር አራት ጓደኛሞች ነን። ሁለታችን በባዮሎጂ ተመርቀን ሥራ እየፈለግን ነው። የአንዳችን ቤተሰቦች ፎገራ ላይ ሩዝ ያመርታሉ፤ ጭዱም ፉርሽካውም በብዛት አለ። የበቆሎ ቆረቆንዳና የኑግ ፋጉሎ በቅርብ እናገኛለን፤ እምቦጩም ጣና ዳር በነጻ ነው። በሰብል ተረፈ ምርት ላይ ፈንገስ አሳድጎ ስታቲን የሚባለውን የኮሌስትሮል መድኃኒት ማምረት እንደሚቻል አንብበናል። ፔኒሲሊንም የተገኘው ከሻጋታ ነው። እኛም ቤት ውስጥ አምርተን፣ አድርቀንና ፈጭተን ብንሸጥ ምን ይከለክለናል? ተፈጥሯዊ ስለሆነ ጉዳት አይኖረውም ብለን እናምናለን። አባቴ የኮሌስትሮል ኪኒን ስለሚወስድ መጀመሪያ እሱ እንዲሞክረው አስበናል።»

ምላሽ፦ አባትን መሞከሪያ የማድረጉን ሐሳብ ዛሬውኑ ተዉት። የጠያቂው አባት ስታቲን እየወሰዱ ከሆነ፣ የምታዘጋጁት ዱቄት የሚሠራ ቢሆን እንኳ በላዩ ላይ ሌላ ስታቲን መጨመራችሁ ነው፤ ያውም መጠኑ የማይታወቅ። ስታቲን ሲበዛ ጡንቻን ያፈርሳል፤ ከፈረሰው ጡንቻ የሚወጣው ፕሮቲን በደም ወደ ኩላሊት ይሄድና ኩላሊትን ከሥራ ሊያስወጣ ይችላል። ጉበትም ሊጎዳ ይችላል። በዚህ ላይ ክላሪትሮማይሲንና ኢሪትሮማይሲን የሚባሉት አንቲባዮቲኮች፣ ኢትራኮናዞል የተባለው የፈንገስ መድኃኒትና አንዳንድ የኤችአይቪ መድኃኒቶች ሎቫስታቲን የሚባለው ከፈንገስ የሚገኝ ስታቲን በጉበት እንዳይሰባበር ስለሚያደርጉ በደም ውስጥ ያለውን መጠን በብዙ እጥፍ ከፍ ያደርጉታል። ሐኪም እነዚህን አብሮ ከማዘዝ የሚቆጠበው በሽተኛው የሚወስደውን ሲያውቅ ነው። ስለ ቤት ዱቄት ግን ማንም አልነገረውም። አባት የታዘዘላቸውን ኪኒን ሳያቋርጡ ይውሰዱ፤ በላዩም ምንም አይጨምሩ።

ያነበባችሁት መሠረተ ሐሳብ ትክክል ነው። ጃፓናዊው አኪራ ኤንዶ እ.ኤ.አ. ከ1971 ጀምሮ ከባልደረቦቹ ጋር 6,000 ያህል የፈንገስ ዝርያዎችን ፈትሾ፣ ሩዝ ላይ ከበቀለ ፔኒሲሊየም ሲትሪነም ከተባለ ሻጋታ የመጀመሪያውን ስታቲን አገኘ። ጥቂት ቆይቶ አስፐርጊለስ ቴሬየስ ከተባለ ሌላ ፈንገስ ሎቫስታቲን ተገኘና እ.ኤ.አ. በ1987 በአሜሪካ ለሕክምና ተፈቀደ። ሲምቫስታቲን ደግሞ ሎቫስታቲን በኬሚስትሪ ተሻሽሎ የተሠራ ነው። ዛሬ ፋርማሲ ውስጥ በብዛት የምታገኟቸው አቶርቫስታቲንና ሮሱቫስታቲን ግን ፈንገስ አልነካቸውም፤ ከመነሻው እስከ መድረሻው በኬሚካል ፋብሪካ የሚሠሩ ናቸው። ስለዚህ «የኮሌስትሮል ኪኒን ከፈንገስ ነው» የሚለው ለሁሉም አይሠራም።

የፔኒሲሊን ታሪክም ብዙ ሰው ከሚያውቀው በላይ ለእናንተ ጥያቄ ቅርብ ነው። ፍሌሚንግ ሻጋታውን ያየው እ.ኤ.አ. በ1928 ሲሆን፣ ለረጅም ዓመታት ከምርምር ጠረጴዛ አልወረደም፤ የሚገኘው መጠን እጅግ ጥቂት ነበርና። እ.ኤ.አ. በ1941 አሜሪካ ፒዮሪያ ከተማ በሚገኘው የእርሻ ሚኒስቴር ላብራቶሪ ፈንገሱን ከበቆሎ ስታርች ፋብሪካ በሚተርፍ የበቆሎ ዘፍዛፊ ፈሳሽ መገቡት፤ ምርቱም በብዙ እጥፍ ጨመረ። ማንም የማይፈልገው የእህል ተረፈ ምርት ነው ፔኒሲሊንን ወደ ፋብሪካ ያስገባው። እ.ኤ.አ. በ1943 ደግሞ እዚያው ከተማ ገበያ ከተገኘ የበሰበሰ ሐብሐብ መሰል ፍሬ ላይ የላቀ ዝርያ ተገኘ። ይሁን እንጂ ያን ፍሬም ሆነ ያን ፈሳሽ ማንም አድርቆ ፈጭቶ ለበሽተኛ አልሰጠም። ከፈንገሱ እስከ መርፌው ድረስ የማጣራት፣ የመለካትና ንጽሕናን የማረጋገጥ ሥራ ነበር፤ ብዙው ድካምና ገንዘብም የፈሰሰው እዚያ ላይ ነው። በነገራችን ላይ የሻገተ ዳቦ ወይም እንጀራ ቁስል ላይ መለጠፍ ፔኒሲሊን መቀባት አይደለም፤ ቁስሉን የሚያመረቅዝ ነገር ማስገባት ነው።

ዋናው ስህተት እዚህ ላይ ነው። ፈንገስ አንድ ነገር ብቻ አይሠራም። አስፐርጊለስ ቴሬየስ ሎቫስታቲን በሚሠራበት በዚያው ጊዜ፣ በዚያው ጭድ ላይ፣ ጂኦዲንና ሱሎክሪን የሚባሉ ሌሎች ውሕዶችን ይሠራል፤ አንዳንድ ዝርያዎቹ ኩላሊትን የሚመርዘውን ሲትሪኒንም ያመርታሉ። ጭዱን ከነፈንገሱ አድርቆ የፈጨ ሰው ሁሉንም አንድ ላይ ፈጭቷል። መድኃኒት የሚባለው ከዚያ ሁሉ ውስጥ የሚፈለገው ለብቻው ወጥቶ፣ መጠኑ ተለክቶ፣ ሌላው መወገዱ ሲረጋገጥ ነው። ፈንገሱም ራሱ የዋህ አይደለም፤ በሽታ የመከላከል አቅማቸው የደከመ ሰዎችን ሳንባ ያጠቃል፣ ለከባድ የፈንገስ በሽታ የሚሰጠውን አምፎቴሪሲን ቢን ደግሞ ይቋቋማል። በደረቀ ጭድ ላይ ዱቄት መሰል ዘሩን ሲበትን መኝታ ክፍል አጠገብ መሆን የለበትም።

«ተፈጥሯዊ ስለሆነ አይጎዳም» ለሚለው ከጃፓን የመጣውን ዜና ማስታወስ ይበቃል። በእስያ ሞናስከስ በተባለ ቀይ ፈንገስ የተብላላ ሩዝ ከጥንት ጀምሮ ይበላል፤ ውስጡ ያለው ሞናኮሊን ኬ በኬሚካል ቅርጹ ከሎቫስታቲን ጋር አንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 አንድ የታወቀ የጃፓን ኩባንያ ለኮሌስትሮል ይረዳል ብሎ የሸጠውን የቀይ ሩዝ እንክብል የወሰዱ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ኩላሊታቸው ተጎድቶ ሆስፒታል ገቡ። ሲመረመር ሌላ ሰማያዊ ሻጋታ ፋብሪካው ውስጥ ገብቶ ፒዩበሩሊክ አሲድ የሚባል መርዝ ሠርቶ ተገኘ። ይህ የሆነው ፈንገስ በማብላላት ብዙ መቶ ዓመት ልምድ ባለው አገር፣ ላብራቶሪና የሠለጠነ ሠራተኛ ባለው ፋብሪካ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ቀደም ሲል እ.ኤ.አ. በ2022 በቀን የሚወሰደው ሞናኮሊን ከ3 ሚሊግራም በታች እንዲሆን ወስኗል፤ በዚያ መጠን እንኳ እርጉዞችና የሚያጠቡ እናቶች፣ ሕፃናት፣ ከ70 ዓመት በላይ የሆኑ ሰዎችና ሌላ የኮሌስትሮል መድኃኒት የሚወስዱ እንዳይጠቀሙት ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍበት አዟል።

አሁን ሒሳቡን አብረን እንሥራው፤ ሥራ ለምትፈልጉ ልጆች ከሁሉ የሚጠቅመው ይህ ይመስለኛል። ዝርያው ጥሩ ሆኖ፣ ሁኔታው ተስተካክሎ፣ በደረቅ ምግብ ላይ የሚበቅል ፈንገስ በአንድ ግራም ከአንድ ሚሊግራም በታች እስከ ጥቂት ሚሊግራም ሎቫስታቲን ይሰጣል። አንድ ሚሊግራም እንበል። ከዚህ በማውጣትና በማጣራት ግማሹ ቢተርፋችሁ፣ ለአንዲት 20 ሚሊግራም ኪኒን 40 ግራም ደረቅ ነገር ያስፈልጋል፤ ለአንድ ሰው የአንድ ወር 30 ኪኒን ደግሞ 1.2 ኪሎ። ጭዱ ምንም አይደለም። ግን ለእያንዳንዱ ግራም 10 ሚሊሊትር ኢታይል አሲቴት ወይም ሜታኖል ብትጠቀሙ 12 ሊትር ሶልቨንት፣ ማለትም መድኃኒቱን ከጭዱ አሟሙቶ የሚያወጣ ፈሳሽ፣ ሊሆን ነው፤ ከዚያ ሶልቨንቱን መልሶ ማትነን፣ እሳት እንዳይነሳ መጠበቅ፣ በኪኒኑ ውስጥ ቅሪት እንዳይኖር ማረጋገጥ አለ። በዚህ ሁሉ ወጪ የሚገኘው የአንድ ወር ኪኒን ፋርማሲ ውስጥ በርካሽ ከሚሸጠው ሲምቫስታቲን ወይም አቶርቫስታቲን ጋር ሊወዳደር ነው። አይወዳደርም። ጥሬ ዕቃው በነጻ መገኘቱ ምርቱን ርካሽ አያደርገውም፤ ወጪው ያለው ከጭዱ በኋላ ነው።

የባሕር ዳር ከፍታም የራሱ ጣጣ አለው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ጭድ ቀኑን ሙሉ ቢቀቀል ሙቀትን የሚቋቋሙት የባክቴሪያ ስፖሮች አይሞቱም። ለንጹሕ ማብላላት 121 ዲግሪ ያስፈልጋል፤ ይህም በአውቶክሌቭ ወይም በፕሬዠር ድስት ነው። ድስቱ በባሕር ጠለል ላይ 121 ዲግሪ በሚሰጥበት ግፊት እዚህ 118 ዲግሪ ገደማ ብቻ ይደርሳል፤ ያንን በጊዜ ማካካስ ያስፈልጋል። መመሪያውን ካነበባችሁበት አገር ገልብጣችሁ «20 ደቂቃ ይበቃል» ብትሉ፣ የምትዘሩት ፈንገስ ሳይሆን ከጭዱ ጋር የመጣው ቀድሞ ይበቅላል።

ከጭዱና ከእህሉ ጋር የሚመጣው ደግሞ ብዙ ጊዜ አስፐርጊለስ ፍላቨስ ነው። አፍላቶክሲን የሚሠራው እሱ ነው፤ ጉበትን የሚጎዳና የጉበት ካንሰር የሚያመጣ መርዝ። በማብሰል፣ በማድረቅ፣ በመጥበስ አይጠፋም። በዓይን ብቻ አይለይም፤ አረንጓዴው ሻጋታ ተራግፎ ከሄደ በኋላም መርዙ እህሉ ውስጥ ይቀራል። በአዲስ አበባ ዙሪያ ወተት ውስጥ የተገኘው አፍላቶክሲን ሲጠና ዋናው ምንጭ ላሞቹ የበሉት የኑግ ፋጉሎ ሆኖ ተገኝቷል። ስለዚህ ፋጉሎ ናይትሮጅን ስላለው ለፈንገስ ጥሩ ምግብ ነው መባሉ በመርህ ደረጃ እውነት ቢሆንም፣ ሳይመረመር ሰው ወደሚወስደው ነገር መግባት የለበትም። እኔ ጨርሶ እተወዋለሁ።

ሌላው በጽሑፍ ላይ ቀላል የሚመስለው ነገር ሙቀት ነው። ፈንገስ ሲያድግ ሙቀት ያመነጫል፤ ደረቅ ምግብ ደግሞ ሙቀት አያሳልፍም። ሳህን ላይ ጣት በማይሞላ ውፍረት በትናችሁ ጥሩ ውጤት ታያላችሁ፤ ያንኑ በማዳበሪያ ከረጢት ሞልታችሁ ስትሠሩት መሐሉ ከ40 ዲግሪ በላይ ይሆንና ፈንገሱ በራሱ ሙቀት ይጎዳል፣ ሙቀት የሚወዱ ባክቴሪያዎችም ቦታውን ይወስዳሉ። ከላይ ነጭ፣ ከውስጥ የከረፋና ያረጠበ ሆኖ የምታገኙት ለዚህ ነው። በተጨማሪም ስታቲን የሚመረተው ፈንገሱ በፍጥነት በሚያድግበት ጊዜ ሳይሆን እድገቱ ሲቀዘቅዝ፣ በተለይ ናይትሮጅን ሲያጥረው ነው። ያማረና የለመለመ ፈንገስ ያያችሁ ጊዜ መድኃኒቱ ገና አልተሠራ ይሆናል።

ስለ ጥሬ ዕቃዎቹ ባጭሩ። የሩዝ ጭድ ጥሩ ነው። ከወፍጮ የሚወጣው ቅርፊት ሲሊካ ስለሚበዛበት ፈንገስ ብዙም አያገኝበትም፤ አየር እንዲያስገባ ትንሽ ቢቀላቀል ግን ይጠቅማል። ፉርሽካው ዘይት ስላለው ቶሎ ይበላሻል፤ ትኩሱን ብቻ፣ ያውም በጥቂቱ ተጠቀሙ። ቆረቆንዳ ተሰባብሮ ጥሩ ነው። የጫት ገረባን ቅጠሉ ላይ ፀረ ተባይ ስለሚረጭ ተዉት።

እምቦጭ ላይ ግን ትንሽ ልቆይ፤ ጣና ላይ ከታየበት እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ ሁላችንም አንድ ጥቅም ሊገኝለት ብንችል እንወዳለን፣ እኔም እመኛለሁ። ተክሉ ዘጠኝ እጁ ውኃ ነው፤ አንድ ኩንታል ተሸክማችሁ የምታደርቁት አሥር ኪሎ አይሞላም። ከዚያ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። እምቦጭ ከውኃ ውስጥ እርሳስ፣ ካድሚየምና ክሮሚየም እየሳበ በተለይ በሥሩ ያከማቻል፤ ቆሻሻ ውኃ እንዲጣራበት የሚተከለውም በዚሁ ባሕሪው ነው። ፈንገስ ሴሉሎስን ይፈጫል እንጂ ብረትን አያጠፋም፤ እንዲያውም እንጉዳዮች ካድሚየምን ከተከሉበት ነገር ወደ ራሳቸው ይስባሉ። የከተማ ፍሳሽ ከሚገባበት ዳርቻ የተለቀመ እምቦጭ ላይ ያደገ እንጉዳይ ወይም መድኃኒት ያንን ብረት ለሰው ያደርሳል። የእምቦጩ ዘርም ጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ይቆያል፤ እርጥቡን በመኪና ወደ ፎገራ ወንዝና ቦይ አጠገብ መውሰድ ማባዛት ነው። እምቦጭን ለባዮጋዝ ወይም በሙቀት በደንብ ለተብላላ ኮምፖስት ተዉት፤ ለሚበላና ለሚዋጥ ነገር አትጠቀሙበት።

ታዲያ ምን ትሥሩ? ኦይስተር እንጉዳይ። ሰውን የሚያሳፍር ትንሽ ነገር አድርጋችሁ አትዩት። ኦይስተር እንጉዳይ ጭድን የሚያጠነክረውን ሊግኒን አፍርሶ ጭድን ወደ ምግብ ከሚለውጡ ጥቂት ፍጡራን አንዱ ነው። ሲበላ የሚሰጠው ፕሮቲን፣ ቤታ ግሉካን የሚባለው አሰርና ኤርጎቲዮኒን የሚባለው ፀረ ኦክሲዳንት አለ። በጥቂት መጠን ሎቫስታቲን የተገኘባቸው ዝርያዎችም አሉ፤ መጠኑ ግን ከዝርያ ዝርያ፣ ከምርት ምርት ስለሚለያይ «ኮሌስትሮል ያወርዳል» ብሎ መለጠፍ ሐሰት ነው። እንደ ምግብ ሽጡት። ምግብ ስትሸጡ የምትጠየቁት ንጽሕናና ትኩስነት ነው፤ ያንን ደግሞ ማሟላት ትችላላችሁ።

ቅድም ያስቸገረን ከፍታ ለዚህ ሥራ አያስቸግርም። ኦይስተር ጠንካራ ስለሆነ ፍጹም ንጹሕ ጭድ አይፈልግም፤ ጭዱ ከ65 እስከ 80 ዲግሪ በሚሞቅ ውኃ ውስጥ ለሁለት ሰዓት ያህል ቢቆይ ይበቃዋል። በርሜል፣ ማገዶና ቴርሞሜትር ነው የሚያስፈልገው። ጭዱን መጀመሪያ ምረጡ። ታኅሣሥ ላይ እንደታጨደ ደርቆ የተከመረ ወርቃማ ጭድ ስታጥፉት ቀጭ ብሎ ይሰበራል፣ ሽታውም የደረቀ ሣር ነው። ዝናብ የነካው ግራጫ ሆኖ ሲራገፍ ይቦናል፤ ያንን መልሱት። በጣት ርዝመት ከትፋችሁ፣ አሙቃችሁ፣ በንጹሕ ወንፊት ላይ አጥልላችሁ አቀዝቅዙት። ከዚያ አንድ እፍኝ ወስዳችሁ አጥብቃችሁ ጨምቁ። በጣቶቻችሁ መሐል አንድ ወይም ሁለት ጠብታ ከወጣ ልክ ነው። ከፈሰሰ ገና ነው፤ ምንም ካልወጣ ደርቋል። ይህች የእጅ ፍተሻ ከብዙ መሣሪያ ትበልጣለች፤ ከሚበላሹት ከረጢቶች አብዛኞቹ ውኃ የበዛባቸው ናቸው።

ዘሩን በማሽላ ወይም በስንዴ ላይ የተዘጋጀ፣ ከታወቀ ቦታ የመጣ አድርጉት። ከጫካ የለቀማችሁትን የጅብ ጥላ አባዝታችሁ እንዳትሸጡ፤ ዘጌ ደን ውስጥ ኦይስተር የሚመስል አይታችሁ ቢሆንም። እርጥብ ጭዱን ከክብደቱ ከ3 እስከ 5 በመቶ በሚሆን ዘር በንጹሕ እጅ እየደረደራችሁ በላስቲክ ከረጢት አጥብቃችሁ ሙሉ፣ ከረጢቱንም በጥቂት ቦታ ብሱት። ከ20 እስከ 28 ዲግሪ በሚሆን ጨለማ ክፍል ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ውስጥ ነጭ ይሆናል። አረንጓዴ ያሳየውን ከረጢት ሳትከፍቱ ከክፍሉ አውጡት፤ በተለይ ትራይኮደርማ የሚባለው አረንጓዴ ሻጋታ ሌሎቹን በፍጥነት ይበክላል። ነጭ ከሆነ በኋላ ብርሃን፣ ንጹሕ አየርና ከ80 በመቶ በላይ እርጥበት ይፈልጋል። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ ክፍል ሚያዝያ ላይ ከ30 ዲግሪ በላይ ስለሚሆን በሣር ወይም በጭድ ኮርኒስ ሸፍኑት፤ ክረምት ላይ ደግሞ ሙቀቱ ተስማሚ ሆኖ ዝንቡ ይበዛል፣ መስኮቱን በወንፊት መዝጋት የግድ ነው። ባርኔጣው ጠርዙ ገና ወደ ታች እንደታጠፈ ቁረጡ። ጠፍጥፎ እስኪዘረጋ ከጠበቃችሁ ነጭ ዱቄት ይበትናል፤ ያንን ዱቄት በየቀኑ የሚተነፍስ ሠራተኛ ሳንባው ይታመማል። ክፍሉ ውስጥ ስትሠሩ ማስክ አድርጉ።

ከጭድ ለጤና የሚጠቅም ውሕድ የማምረት ፍላጎታችሁ ደግሞ ያለ ሶልቨንት የሚሟላበት አንድ መንገድ አለ። እንጉዳይ ውስጥ ኤርጎስቴሮል የሚባል ቅባት መሰል ነገር አለ፤ ፀሐይ ሲነካው ወደ ቫይታሚን ዲ 2 ይለወጣል። የተቆረጠውን እንጉዳይ ሸንሽናችሁ፣ ሥሩ ያለው ሽፋሽፍት ወደ ላይ እንዲሆን በንጹሕ ወንፊት ላይ ዘርግታችሁ፣ እኩለ ቀን ፀሐይ ላይ ከሩብ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት አስቀምጡት። በሌሎች አገሮች በተሠሩ ጥናቶች በዚህ መንገድ በ100 ግራም ትኩስ እንጉዳይ ከ10 ማይክሮግራም በላይ ቫይታሚን ዲ ተገኝቷል፤ አዋቂ ሰው በቀን የሚያስፈልገው 15 ማይክሮግራም ያህል ነው። ባሕር ዳር ፀሐይ አያጥረንም። ከዚያ በጥላ አድርቃችሁ አየር በማያስገባ ዕቃ አስቀምጡት፤ ወራት ሲቆጥር ቫይታሚኑ እየቀነሰ ስለሚሄድ የተመረተበትን ቀን ጻፉበት። መጠኑን ላብራቶሪ ሳይለካው ግን ማሸጊያው ላይ ቁጥር አታስፍሩ። ከመስኮት መስታወት ጀርባ ማድረግ አይሠራም፤ የሚያስፈልገውን የፀሐይ ጨረር መስታወቱ ያስቀረዋል።

በባዮሎጂ የተመረቃችሁት ሁለቱ የስታቲኑን ነገር መተው ካልፈለጋችሁ አልቃወምም። ጥሩ የምርምር ርዕስ ነው፤ ቦታው ግን ቤት አይደለም። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ካለ የባዮቴክኖሎጂ ወይም የኬሚካል ምሕንድስና ላብራቶሪ ጋር ተነጋገሩ። ዝርያውን ከሻገተ ነገር ላይ ሳይሆን ማንነቱ ከተረጋገጠ ክምችት ውሰዱ፤ የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩትን ጠይቁ። ስትለኩ ደግሞ አንድ ወጥመድ ተጠንቀቁ። ብዙ ተማሪዎች የጭዱን ጭማቂ በስፔክትሮፎቶሜትር በ238 ናኖሜትር አንብበው «ይህን ያህል ሎቫስታቲን አገኘን» ይላሉ። በዚያ ሞገድ ላይ ብርሃን የሚውጡ የጭድ ፊኖሎችና ሌሎች የፈንገስ ውሕዶች ብዙ ስለሆኑ ቁጥሩ ከእውነቱ በእጅጉ ይበልጣል። ውሕዶችን ለያይቶ በሚለካው መሣሪያ በኤችፒኤልሲ፣ ከንጹሕ ናሙና ጋር ተነጻጽሮ ያልተለካ ውጤት አታምኑ፤ ሎቫስታቲን በአሲድና በላክቶን ሁለት መልክ ስለሚገኝም ሁለቱን ፈልጉ። በዚያው ናሙና ሲትሪኒንን ለኩ። ፈንገስ ያልተዘራበት፣ በተመሳሳይ መንገድ የተዘጋጀ ጭድም ጎን ለጎን ይኑራችሁ፤ ያለ እሱ የሚወጣው ቁጥር ምንም አይናገርም።

ስለ ሕጉ ጠይቃችኋል። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት በሽታን ይፈውሳል ወይም ይከላከላል ተብሎ የሚሸጥ ነገር መድኃኒት ነው፤ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሳይመዘግበው መሸጥ አይቻልም። «የባህል ነው»፣ «ተጨማሪ ምግብ ነው» ማለት ከምዝገባ አያስወጣም። እንጉዳይም ቢሆን አሽጎ ለመሸጥ የምግብ አምራች ፈቃድ ይፈልጋል፤ ይህ ግን በእናንተ አቅም የሚደረስበት ነው።

ቁርጥ ያለው ምክሬ ይህ ነው፦ በዚህ ዓመት የፎገራን ጭድ ይዛችሁ ኦይስተር እንጉዳይ ጀምሩ፤ በጥቂት ከረጢቶች፣ በአንድ ክፍል። ዘር የምታባዙበትን ሙያ በደንብ ያዙ፤ በአካባቢያችን ገበሬና ወጣት ቡድኖች ከሁሉ በላይ የሚቸገሩት በጥሩ ዘር እጦት ነውና ከእንጉዳዩ ይልቅ ዘሩ ሊያኖራችሁ ይችላል። ንጹሕ አሠራር፣ ሙቀትና እርጥበት መቆጣጠር፣ ብክለትን ቶሎ መለየት፣ መዝገብ መያዝ የምትማሩት እዚህ ነው፤ ወደ ላብራቶሪ ስትገቡም ያው ሙያ ነው የሚጠየቀው። ስታቲንን በቤት ውስጥ አታምርቱ፣ ለማንም አትስጡ።

አንድ ነገር ሳልጠየቅ ልጨምር። ፎገራ ላይ የሩዝ ጭድ «ትርፍ» አይደለም፤ በበጋ ከብቱ የሚያድረው በእሱ ነው። ጭዱን ለእንጉዳይ ስትወስዱ ከላሞቹ አፍ ነው የምትወስዱት፣ ስለዚህ ከቤተሰብ ጋር በቅድሚያ ተስማሙ። ደግነቱ እንጉዳይ ከተለቀመለት በኋላ ጭዱ ሊግኒኑ ስለላላ ለከብት ለስላሳ ይሆናል፤ ከሌላ መኖ ጋር በጥቂቱ እየቀላቀሉ መስጠት ይቻላል። ይህ የሚሆነው ግን ከረጢቱ ተከፍቶ ነጭና የእንጉዳይ ሽታ ያለው ሆኖ ሲገኝ ብቻ ነው። አረንጓዴ፣ ጥቁር ወይም ብርቱካናማ ነጠብጣብ ያለበትን ለከብት አትስጡ፤ ወደ ኮምፖስት ጉድጓድ ይግባ፤ ላሟ የበላችው መርዝ በወተቷ ይመለሳል።